ለረጅም የብስክሌት ጉዞ ምን ልያዝ? ቦርሳ፣ መጠለያ፣ ምድጃና መጠገኛ ሲነጻጸሩ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ሰው ዓለምን በብስክሌት ሊዞር ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሳ። ብስክሌቱ ያኔ የነበረችው፣ የፊት ጎማዋ ግዙፍ፣ የኋላዋ ትንሽ የሆነችው ናት። ዕቃው መሪው ላይ በተንጠለጠለች አንዲት ቦርሳ አለቀ፦ ካልሲ፣ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ሽጉጥና የዝናብ ልብስ። የዝናብ ልብሱ ማታ ማታ ድንኳንም መኝታም ይሆነው ነበር። በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ደረሰና ጉዞውን ጨረሰ።

የዛሬ ተጓዥ ችግሩ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አራት አምስት አማራጭ አለ፤ ሁሉም ሻጭ የኔ ይሻላል ይላል። በመጀመሪያው ረጅም ጉዞዬ ግራ ስለገባኝ ሁሉንም ጭኜ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ግማሹን ለሰው ሰጥቼ ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የምመርጥበት መንገድ ተቀይሯል። የምጽፍላችሁም እሱን ነው።

## መስፈርቱ ይቅደም

ስለ ዕቃው ከማሰባችሁ በፊት ስለ ጉዞው ሦስት ነገር መልሱ። ስንት ሌሊት ሜዳ ላይ ታድራላችሁ? መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ኮረኮንች? ውሃና ምግብ ከምታገኙበት ቦታ እስከ ቀጣዩ ድረስ ረጅሙ ርቀት ስንት ነው? ሁልጊዜ ሆቴል ለሚያድር ሰው ድንኳን ትርፍ ሸክም ነው። በሁለት ቀን አንዴ ውሃ ለሚያገኝ ሰው ደግሞ ከልብሱ ሁሉ የውሃ መያዣው ይቀድማል።

ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ በአምስት ነገር እመዝናለሁ።

ሲበላሽ ምን ይሆናል? ለኔ አንደኛው ይሄ ነው። ማንኛውም ብየዳ ቤት ወይም ልብስ ሰፊ የሚጠግነው ዕቃ፣ መለዋወጫው ከፋብሪካ ካልመጣ ከማይሠራ ዕቃ ይበልጥብኛል። ትንሽ ቢከብድም ይበልጥብኛል።

ክብደት። እስቲ በቁጥር እንየው። 10 ኪሎ ትርፍ ጭነት ይዞ 1,000 ሜትር ሽቅብ መውጣት 98,000 ጁል ገደማ ተጨማሪ ሥራ ነው። አንድ ሰው ፔዳሉ ላይ 100 ዋት እያወጣ ቢነዳ 16 ደቂቃ ያህል ይጨምርበታል። አንድ ኪሎ ማለት እንግዲህ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ስለዚህ የጥርስ ብሩሽ እጀታ መቁረጥ ምንም አይፈይድም። 10 ኪሎ ግን በየዳገቱ ይቆጠራል፤ ጎማውንና ቸርኬውንም ይጎዳል።

ሲረጥብስ? ዝናብ ለሦስት ቀን ካላቋረጠ ምን ደርቆ ይቀራል?

ስንት ሥራ ይሠራል? የስቲቨንስ የዝናብ ልብስ ሦስት ሥራ ይሠራ ነበር። አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ዕቃ፣ ያ ሥራ የግድ ካልሆነ ቤት ይቅር።

መጓጓዣ ላይ ሲጫን። አውሮፕላን የምትሳፈሩ ከሆነ የጋዝ ቆርቆሮ በእጅ ሻንጣም በጭነትም አይፈቀድም። ፓወር ባንክ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም።

## ዕቃውን በምን እንጫን?

ከሁሉ በላይ የሚያጨቃጭቀው ይህ ነው፤ ሌላውን ምርጫ ሁሉ ስለሚወስን ረዘም አድርገን እንየው።

የጎን ቦርሳና የብረት መጫኛ። ከኋላ ጎማ በላይ መጫኛ ብረት ይታሰራል፣ በግራና በቀኝ ቦርሳ ይንጠለጠላል። ሁለቱ የኋላ ቦርሳዎች ተደምረው 40 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። ፊት ላይ ሌላ ጥንድ መጨመር ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ ምቾት ነው። ቦርሳውን በአንድ እጅ ነቅላችሁ ትገባላችሁ። ጠዋት ዕቃ ማስገባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መጫኛው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። አሉሚኒየሙ ይቀላል። ሲሰበር ግን የሚበይደው ልዩ ባለሙያ ነው። ብረቱን የትኛውም በያጅ በደቂቃዎች ያያይዘዋል። በኔ መስፈርት ብረቱ ያሸንፋል። ብዙ መጫኛዎች ላይ የሚችሉት ክብደት፣ ለምሳሌ 25 ኪሎ፣ ተጽፎ ይገኛል። ያ ቁጥር የቦርሳውን የራሱን ክብደትም ይጨምራል።

ድክመቱ ብሎኖቹ ናቸው። ኮረኮንች ላይ ንዝረቱ ቀስ በቀስ ያላላቸዋል። አንድ ጊዜ ቁልቁለት ላይ የመጫኛዬ ብሎን ወልቆ ጠፋ፤ መጫኛው ወደ ጎማው ተጋደመ። ደግነቱ ፍጥነት ላይ አልነበርኩም። ከውሃ መያዣው ላይ አንድ ብሎን ፈትቼ ተካሁት፤ ሁለቱም ባለ 5 ሚሊሜትር ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሎኖቹን በየጠዋቱ ሳልነካ አልነሳም። ሌላው ድክመት ስፋቱ ነው። ከጎን የሚመጣ ነፋስ ይገፋዋል፣ ጠባብ የእግር መንገድ ላይ ቁጥቋጦ ይይዘዋል።

ከፍሬሙ ጋር የሚታሰሩ ቦርሳዎች። መጫኛ ብረት የላቸውም። አንዱ ከመቀመጫው ስር፣ አንዱ በፍሬሙ ሦስት ማዕዘን ውስጥ፣ አንዱ መሪው ላይ በማሰሪያ ይጠበቃል። ባንድ ላይ ከ25 እስከ 40 ሊትር ይይዛሉ። ይቀላሉ፣ ብስክሌቱን አያሰፉም፣ የሚሰበር ብረት የላቸውም። ማሰሪያ ቢበጠስ ገመድ ይተካዋል። ድንጋያማ መንገድ ለሚወድ ሰው ይህ ነው።

ግን ቦታ ይጠባል። ጠዋት ጠዋት ያንኑ ዕቃ በዚያው ቅደም ተከተል መጠቅጠቅ ያሰለቻል። የመቀመጫው ቦርሳ ደህና ካልታሰረ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ቁመታችሁ አጭር ከሆነ ደግሞ ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ትንሽ ፍሬም ውስጥ ያለው ሦስት ማዕዘን ጠባብ ነው፣ ከመቀመጫው እስከ ጎማው ያለው ክፍተትም አጭር ነው። ለረጅም ሰው 40 ሊትር የሚሰጠው አሠራር ለእናንተ በጣም ያነሰ ሊሰጥ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት በሜትር ለኩ።

ተጎታች። ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ከብስክሌቱ ኋላ ይያያዛል። ብዙ ይይዛል፣ ክብደቱን ከብስክሌቱ ቸርኬ ላይ ያነሳል፣ የመጫኛ ቀዳዳ ለሌለው ብስክሌት መፍትሔ ነው። ግን ባዶውን 6 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። የጎማው ልክ ብዙ ጊዜ ከብስክሌቱ ጎማ ስለሚለይ የራሱ ካላማዳሪ ያስፈልገዋል። ቁልቁለት ላይ ይገፋል። ባቡርና አውቶቡስ ላይ ማስጫን ሌላ ፈተና ነው። ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ወይም ብዙ ውሃ መሸከም ለሚገባው ሰው ካልሆነ አልመክረውም።

በየትኛውም መንገድ ብትጭኑ ከባዱ ነገር ወደ ታችና ወደ መሃል ይሁን። መሣሪያና ውሃ ፍሬሙ ውስጥ ወይም የቦርሳው ወለል ላይ፣ የመኝታ ከረጢትና ልብስ ከላይ። ሁሉን ነገር ኋላ ከከመራችሁት ዳገት ላይ መሪው ይቀላል፣ ብስክሌቱ መስመር አልይዝ ይላል። ቀድሞ የሚበጠሰውም የኋላ ቸርኬ ሽቦ ነው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

## የት እንተኛ?

ድንኳን፣ ተንጠልጣይ አልጋ፣ ወይም ሸራ። ለአንድ ሰው የሚሆን ድንኳን ከ1.2 እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። የትም ይተከላል፣ ከትንኝ ይከላከላል፣ ልብስ መቀየሪያም ይሆናል። ስትመርጡ ከክብደቱ ይልቅ የታጠፉትን ዘንጎች ርዝመት እዩ። መሪያችሁ ወደ ታች የሚቆለመም ዓይነት ከሆነ ረጅም ዘንግ በሁለቱ ጫፎች መሃል አይገባም።

ተንጠልጣይ አልጋ ጫካ ውስጥ በጣም ይመቻል፤ መሬቱ ቢጨቀይ፣ ቢያዘነብል ግድ የላችሁም። ግን ሁለት ዛፍ ከሌለ አልጋም የለም። ከታች የሚነፍሰው አየር ደግሞ ያበርዳል፤ ከስር ሙቀት የሚይዝ ነገር ማንጠፍ ግድ ነው። ሸራና ገመድ ብቻ መያዝ ከሁሉ ይቀላል፣ ቢቀደድ በቀላሉ ይሰፋል። ከነፍሳት ግን አይከላከልም፤ ነፋስ አቅጣጫ ሲቀይር ሌሊት ተነስቶ ማሰርን ይጠይቃል።

የመኝታ ከረጢት የላባና የሰው ሠራሽ ሙሌት አለው። ላባው ለክብደቱ ሙቀቱ ከፍ ያለ ነው፣ ታጥፎ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ከረጠበ ግን ሙቀቱ ይጠፋል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጃል። ሰው ሠራሹ ይከብዳል፣ እርጥብም ሆኖ የተወሰነ ሙቀት ይሰጣል። ዝናባማ ወቅት ላይ ሰው ሠራሹን እመርጣለሁ። ሌላ የማሳስባችሁ ነገር፣ ከረጢቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት የሙቀት ቁጥሮች ይጻፋሉ። የምትገዙት በምቾቱ ቁጥር ነው። ከሁሉ ዝቅ ያለው ቁጥር ነፍስ ለማትረፍ ያህል ነው፤ እሱን አምኖ የገዛ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ምንጣፍ ላይ ብዙ አልቆይም። የሚነፋው ይመቻል፣ ግን ይበሳል። የስፖንጁ ይሻክራል፣ ቦታ ይይዛል፣ ሆኖም በሾህ ላይ ቢያርፍም ያው ነው። ቀን ላይ ማረፊያም ይሆናል።

## ምድጃ ያስፈልጋል?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። በየቀኑ ትኩስ ምግብ በሚገኝበት መንገድ ላይ የምትሄዱ ከሆነ ምድጃ፣ ድስትና ነዳጅ ተደምረው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ትርፍ ናቸው። ካስፈለገ ግን ነዳጁ የት ይገኛል የሚለው ከምድጃው ጥራት ይቀድማል።

የጋዝ ቆርቆሮ ፈጣንና ንጹህ ነው። ቆርቆሮው ግን በየቦታው አይሸጥም። ብርድ ላይም ይደክማል፤ ተራ ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል ወደ ጋዝ መቀየር ያቆማል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል። የአልኮል ምድጃ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው የሚበላሽ ነገር የለውም፤ ከጣሳም ይሠራል። ኃይሉ ግን ለተመሳሳይ ክብደት ከጋዙ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እሳቱ ቀን ላይ አይታይምና ጠፍቷል ብላችሁ አልኮል እንዳትጨምሩበት። የቤንዚን ምድጃ ከባድና ውድ ነው፣ ቀዳዳው በቆሻሻ ይደፈናል፣ ማጽዳት ይጠይቃል። ግን መኪና በሚደርስበት ሁሉ ነዳጁ አለ። ለብዙ ወር፣ ብዙ አገር ለሚያቋርጥ ሰው እሱ ይሻላል። የትኛውንም ምድጃ ቢሆን በተዘጋ ድንኳን ውስጥ አታብሩ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

## ውሃና መብራት

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ትልቅ መያዣ ይዞ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ መሙላት ይሻላል፤ የሚታጠፍ ከረጢት ባዶውን ምንም አይከብድም። ለማጣራት፣ የማጣሪያ ቱቦ ባክቴሪያን ወዲያው ይይዛል፣ ቫይረስን ግን ያሳልፋል። አንዴ ውስጡ ውሃ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። ብርዳማ ሌሊት ከሆነ የመኝታ ከረጢት ውስጥ አብራችሁት ተኙ። የክሎሪን ዳይኦክሳይድ እንክብል ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ቫይረስንም ይገድላል፤ ግን 30 ደቂቃ መጠበቅ ይጠይቃል፣ ለአንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስያን እስከ 4 ሰዓት። ምድጃ ካላችሁ ደግሞ አንድ ደቂቃ ማፍላት ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ። እኔ ማጣሪያውን እጠቀማለሁ፣ እንክብሉን ለመጠባበቂያ እይዛለሁ።

ለስልክና ለመብራት 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ከአውሮፕላኑ ገደብ በታች ነው፣ ስልክን 3 ጊዜ ያህል ይሞላል። በሦስት አራት ቀን አንዴ ሶኬት የምታገኙ ከሆነ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ጎማው መሃል ላይ የሚገጠም ዲናሞ 3 ዋት ያህል ይሰጣል። በሰዓት 15 ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ ስትነዱ ጥሩ ነው፣ ረጅም ዳገት ላይ ግን ምንም ያህል አይሞላም። ሶላር ቁጭ ብሎ ለሚያርፍ ሰው እንጂ እየሄደ ላለ ብስክሌት አይሆንም። ፀሐይዋ አንዴ ከፊት ናት፣ አንዴ ከኋላ።

## መጠገኛ፦ እዚህ ላይ አትቆጥቡ

ክብደት ቀንሱ የሚለውን ምክር የማልቀበልበት ቦታ ይሄ ነው። ጎሚስታ በሌለበት አገር ጎማ ቢፈነዳ የሚያድናችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ካላማዳሪ ያለው ጎማና የሌለው ሲነጻጸሩ። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ውስጡ ፈሳሽ ማሸጊያ አለ፤ እሾህ ሲወጋው ራሱ ይደፍነዋል። እሾህ በበዛበት መንገድ ትልቅ እፎይታ ነው። ፈሳሹ ግን በጥቂት ወራት ይደርቃል። ጎማው ከቸርኬው ከለቀቀ ደግሞ በትንሽ የእጅ ፓምፕ መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ እሱን የመረጠ ሰውም አንድ ካላማዳሪ መያዙ አይቀርም። ተራው በማስቲሽና በትንሽ ፓች ማንም ሰው የትም ይጠግነዋል። ለረጅምና ሩቅ ጉዞ ተራውን ከጠንካራ ጎማ ጋር እመርጣለሁ።

የቀረው ዝርዝር እንዲህ ነው፦ ሁለት ካላማዳሪ፣ ፓችና ማስቲሽ፣ የጎማ ማውጫ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ካቴና መፍቻ ያለው ሁለገብ ቁልፍ፣ ከካቴናችሁ የማርሽ ቁጥር ጋር የሚገጥም ሁለት ማያያዣ፣ የፍሬን ሸራ፣ የማርሽና የፍሬን ገመድ አንድ አንድ፣ ባለ 5 ሚሊሜትር ብሎኖች፣ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች፣ የካቴና ዘይት። ናስትሮውን ውሃ መያዣው ላይ ጠቅልሉት፤ ቦታ አይፈጅም። ጎማ ጎኑ ቢቀደድ ከውስጥ የሚደገፍበት የአሮጌ ጎማ ቁራጭም ያዙ። የቸርኬ ሽቦ ስትይዙ የኋላው ጎማ የግራና የቀኝ ሽቦ ርዝመት ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ ከሁለቱም ይሁን።

ከዚህ ሁሉ ግን ብዙ ሰው የሚረሳት አንዲት ቁራጭ አለች። የኋላው ማርሽ ቀያሪ ከፍሬሙ ጋር የሚያያዝባት ትንሽ አሉሚኒየም ናት። ብስክሌቱ ወድቆ ማርሹ ከተመታ ፍሬሙ እንዳይጎዳ እሷ ቀድማ ትታጠፋለች ወይም ትሰበራለች፤ የተሠራችው ለዚሁ ነው። ቅርጿ ከፍሬም ፍሬም ይለያያል። ስለዚህ መንገድ ላይ ባለ ሱቅ የእናንተን ልክ የማግኘት ዕድላችሁ ጠባብ ነው። ክብደቷ የቤት ቁልፍ ያህል ነው። ቅያሪዋን ከመነሳታችሁ በፊት ፈልጋችሁ ግዙ።

## ልብስ

ለሳምንትም ለሦስት ወርም የሚያዘው ልብስ ያው ነው፦ አንድ የሚለበስ፣ አንድ የሚታጠብ፣ አንድ ደረቅ የማታ። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ቁልቁለት ላይ ያበርዳል። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይሸታል። ቀጭን ሱፍ ሳይሸት ብዙ ቀን ይቆያል፣ ግን ይሳሳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የዝናብ ልብስና ጓንት አይቅር።

## በአጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | ክብደት | ሲበላሽ | ሲዘንብ | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| የጎን ቦርሳ፣ የብረት መጫኛ | መካከለኛ | የትም ይበየዳል | ጥሩ | ለረጅምና ለተደባለቀ መንገድ |
| የፍሬም ቦርሳ | ቀላል | በገመድ ይታሰራል | እንደ ጨርቁ | ለኮረኮንች፣ ለአጭር ጉዞ |
| ተጎታች | ከባድ | ተጨማሪ ጎማና መጋጠሚያ አለው | ጥሩ | ልጅ ወይም ብዙ ውሃ ለያዘ |
| ድንኳን | መካከለኛ | ዘንግ ሊሰበር ይችላል | ጥሩ | ለብዙው ሰው |
| ተንጠልጣይ አልጋ | መካከለኛ | ይሰፋል | በሸራ ጥሩ | ለጫካ |
| ሸራ ብቻ | በጣም ቀላል | ይሰፋል | እንደ አተካከሉ | ልምድ ላለው |
| የጋዝ ምድጃ | ቀላል | እምብዛም አይበላሽም | ጥሩ | ቆርቆሮ ለሚገኝበት |
| የአልኮል ምድጃ | በጣም ቀላል | የሚበላሽ የለውም | ነፋስ አይችልም | ለአንድ ሰው |
| የቤንዚን ምድጃ | ከባድ | ጽዳት ይፈልጋል | ጥሩ | ለብዙ ወር ጉዞ |

## እንደ ፍላጎትና እንደ ኪስ

ገንዘብ ካጠረ፦ ያላችሁን ብስክሌት ተጠቀሙ። ወጪያችሁን ሁለት ቦታ አሳርፉ፤ ጠንካራ ጎማና በባለሙያ የተወጠረ የኋላ ቸርኬ። ቦርሳው ያገለገለ ይሁን፤ ክዳን ያለው አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ባልዲ መንጠቆ ተሠርቶለት መጫኛ ላይ ሲሰቀል ውሃ የማያስገባ የጎን ቦርሳ ይሆናል፣ ማታ ደግሞ ወንበር። ስፖንጅ ምንጣፍ፣ ሸራና የአልኮል ምድጃ ይበቃሉ። ውስጥ ያለውን ዕቃ በወፍራም ፌስታል ጠቅልሉ።

መካከለኛ ከሆነ፦ የብረት መጫኛና ውሃ የማያስገቡ ሁለት የኋላ ቦርሳዎች፣ ቀለል ያለ ድንኳን፣ የሰው ሠራሽ ሙሌት ከረጢት፣ ፓወር ባንክ። ለብዙው አንባቢ የምመክረው ይህን ነው። በርካታ ዓመት ያገለግላል።

ሰፊ ከሆነ፦ ገንዘቡን መጀመሪያ መኝታ ላይ አውሉት፤ የላባ ከረጢትና ጥሩ ምንጣፍ። ለወራት ከሶኬት ርቃችሁ ሜዳማ መንገድ ላይ የምትነዱ ከሆነ ዲናሞው ዋጋውን ይመልሳል። ውድ ቦርሳ ከሁሉ መጨረሻ ይምጣ።

ሆቴል ለምታድሩ፦ ከ10 እስከ 15 ሊትር የምትይዝ አንዲት የመቀመጫ ቦርሳና የመጠገኛ ዕቃ። መጠገኛው ግን ሙሉ ይሁን።

በቡድን ለምትሄዱ፦ ምድጃ፣ ፓምፕና ሁለገብ ቁልፍ በየሰው አይያዝ፣ ተከፋፈሉት። ካላማዳሪና ያቺ የማርሽ ቁራጭ ግን የየራሳችሁ ይሁኑ፤ የአንዱ ለሌላው ላይገጥም ይችላል።

የመረጣችሁትን ሁሉ ጭናችሁ ከመነሻው ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሌሊት ውጭ እደሩ። ዳገትም ቁልቁለትም ያለበት መንገድ ይሁን። ስትመለሱ ያልነካችሁትን ዕቃ ለብቻ ለዩ፤ ከመጠገኛ፣ ከሕክምና ዕቃና ከዝናብ ልብስ በቀር ሌላው ይቅር። ከዚያ የመጫኛውን ብሎኖች አንድ በአንድ አጥብቁ፤ በዋናው ጉዞ የመጀመሪያ ቀን ማታም ድገሙት።